ሽፍታን የሚያበላው ባላገር፦ ስለ ሕገ ወጥ ሀከሮች ግብረ ገብና ኅብረተሰባዊ ኃላፊነት

«ጠለፈ» የተባለው የአማርኛ ግስ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ የሚመስሉ ሁለት ሥራዎችን በአንድ ሥር ይዟል። በሐበሻ ቀሚስ ላይ በመርፌና በክር ቀናት ተፈጅተውበት የሚወጣው የእጅ ሥራ ጥልፍ ይባላል፤ ልጃገረድን ውሃ ከምትቀዳበት መንገድ ላይ ነጥቆ ያለ ፈቃዷ መውሰድም ጠለፋ ይባላል። ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህ ቃሉ የሌላ ሰው ማሽን ውስጥ ሳይፈቀድለት ለሚገባው ሰው ተውሷል፤ ሰውየውም «የመረጃ ጠላፊ» ተብሏል። የዜና ሰዎች አልፎ አልፎ «መንታፊ» የሚለውን ይመርጣሉ፤ ይሁን እንጂ ይህ ቃል በገበያ ግርግር መካከል ኪስ የሚዳብሰውን ሌባ ብቻ ስለሚያስታውስ የነገሩን ግማሽ ይጥለዋል። በእንግሊዝኛው ሀከር የሚባለው ሰው በራሱ ወገኖች ዓይን ጥልፍ ጠላፊ፣ ቤቱ በተሰበረበት ሰው ዓይን ደግሞ ልጅ ጠላፊ ስለሆነ፣ የአማርኛው «ጠላፊ» ሁለቱንም መልኮቹን ይዞለታል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በሕግ ፊት ወንጀለኛ ሆኖ ሳለ ራሱን በግብረ ገብ የሚመራ አድርጎ የሚቆጥረው ሀከር ነው። ለገንዘብ ብቻ የሚሰርቀው ሌባ ነው፣ በእርሱ ላይ ብዙ ክርክር የለም፤ የሚያከራክረው የተዘጋ በር ሰብሮ ከገባ በኋላ የገባሁት ለሕዝብ ነው የሚለው ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀከር የሚለው ስም ከወንጀል ጋር የተያያዘው ዘግይቶ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ የአሻንጉሊት ባቡር ሐዲድ የሚዘረጉ ተማሪዎች ማኅበር ነበር፤ እነዚህ ተማሪዎች ለአንድ አስቸጋሪ የሽቦ አሠራር ያልተጠበቀና ያማረ መላ ሲያገኙ ሥራውን «ሀክ» ይሉት ነበር፣ ተቋሙ ኮምፒውተር ሲያስገባም ቃሉን ይዘው ወደ ማሽኑ ተሻገሩ። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ክፍል የሚሞላ ውድ ዕቃ ስለነበር በሥነ ሥርዓት የሚቀርበው ለተፈቀደለት ብቻ ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን ሌሊት ሌሊት፣ ማሽኑ ሥራ ሲፈታ ጠብቀው፣ እስኪነጋ ይሠሩበት ነበር። ጋዜጠኛው ስቲቨን ሌቪ በ1984 ባሳተመው «ሀከርስ» በተሰኘ መጽሐፉ የዚህን ትውልድ ያልተጻፈ ሕግ ሰብስቦ አስቀምጦታል፦ ወደ ኮምፒውተር የሚወስደው መንገድ ለሁሉም መከፈት አለበት፣ መረጃ ነፃ መሆን አለበት፣ ሥልጣንን አትመን፣ ሰው የሚመዘነው በዲግሪው ወይም በዕድሜው ወይም በዘሩ ሳይሆን በሠራው ሥራ ነው፣ በኮምፒውተር ላይ ውበት ይፈጠራል፣ ኮምፒውተርም ኑሮን ያሻሽላል። ይህ ሕግ ተማሪዎቹ በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ መልካም ሕግ ነበር፤ ማሽኑ የጋራ፣ ሠሪዎቹ ጥቂት፣ በውስጡ የተቀመጠውም የእነርሱው ፕሮግራም ስለነበር፣ መረጃ ነፃ ይሁን ሲባል የማን መረጃ የሚል ጥያቄ የሚያነሳ ሰው አልነበረም።

ይኸው ሕግ ከግቢው ወጥቶ ወደ ስልክ መስመር ሲሸጋገር የመጀመሪያው ስንጥቅ ታየበት። የአሜሪካ የረጅም ርቀት የስልክ መስመሮች ሥራ ፈት በሆኑ ጊዜ 2600 ኸርዝ ልክ ያለው ቀጭን ድምፅ ይተላለፍባቸው ነበር፤ ኸርዝ ድምፅ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚለካበት መስፈሪያ ነው። አንድ ሰው ይህንኑ ድምፅ በስልኩ አፍ ላይ ቢያፏጭ ማዕከሉ መስመሩ የተለቀቀ ይመስለዋል፤ ደዋዩም ሌሎች ድምፆች ጨምሮ ወደ ፈለገው አገር በነፃ ይደውላል። በቁርስ እህል ካርቶን ውስጥ ለልጆች መጫወቻ ተብላ የምትገባ አንዲት ፊሽካ ትክክለኛውን ድምፅ ታወጣ ስለነበር ለዚሁ ሥራ ዋለች። በኋላ አፕልን የመሠረቱት ስቲቭ ዎዝኒያክና ስቲቭ ጆብስም ወጣት ሳሉ ድምፆቹን የሚያወጣ «ሰማያዊ ሳጥን» የተባለ መሣሪያ ሠርተው ሸጠዋል። የስልክ ጠላፊዎቹ መከራከሪያ ቀላል ነበር፦ ኩባንያው በሀገሪቱ ብቸኛው ባለ መስመር፣ ትርፉም ሞልቶ የተረፈ፣ መስመሩም ሌሊቱን ባዶ ነው፤ ታዲያ የሚጎዳው ማን ነው? መልሱ ማንም የሚመስልበት ጊዜ ነበር። የሕገ ወጡ ሀከር ግብረ ገብ የተወለደው እንግዲህ ተጎጂው ፊት በሌለው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው፤ ሁኔታው ከተለወጠ በኋላም ግብረ ገቡ እንደነበረ ቀጠለ።

በ1983 የሚልዋኪ ከተማ ወጣቶች ቡድን በብዙ ድርጅቶች ኮምፒውተሮች ውስጥ ገብቶ ተገኘ፤ ከእነዚህ አንዱ በኒውዮርክ የሚገኘው የስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ሕክምና ማዕከል ኮምፒውተር ነበር፣ ያም የጨረር ሕክምና የሚከታተሉ ሕሙማን መረጃ የሚያዝበት ማሽን ነበር። ወጣቶቹ ሕሙማንን መጉዳት አላሰቡም፤ የይለፍ ቃሉ ቀላል ነበር፣ በሩም በቀላሉ ተከፈተላቸው። በ1986 ደግሞ ሎይድ ብላንከንሺፕ የተባለ ወጣት ተይዞ ከታሰረ በኋላ የጻፈው አጭር መግለጫ በሀከሮች ዘንድ እንደ ሃይማኖት መጽሐፍ ተቆጠረ፤ ሐሳቡም ባጭሩ ጥፋታችን ለማወቅ መጓጓታችን ነው የሚል ነው። ጉጉትን ማንም አይኮንንም። ነገር ግን ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ መጓጓትና በማሽኑ ውስጥ ስለተቀመጠው ሰው ለማወቅ መጓጓት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በማሽኑ በኩል ሳይንቲስት የሆነው ሰው በሰውየው በኩል በጎረቤቱ መስኮት የሚያጮልቅ ሆኖ ይገኛል፣ መግለጫውም ይህን ልዩነት በዝምታ አልፎታል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ጉዳይ ለመመርመር የሚያግዝ ሌላ ቃል አለ፤ ሽፍታ ይባላል። ሽፍታ በታሪክ ሁለት ፊት ያለው ሰው ነበር፤ ርስቱን የተነጠቀ፣ ፍርድ የጎደለበት፣ ወይም ከሹም ጋር የተጣላ ሰው ጫካ ሲገባ ሕዝቡ ሸፈተ ይላል እንጂ ወዲያውኑ ወንበዴ ነው አይልም። የቋራው ካሳ ኃይሉ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ከመንገሣቸው በፊት በቆላው ሸፍተው እንደነበር የታወቀ ነው። እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ኤሪክ ሆብስባውም በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ዓይነቱን ሰው «ማኅበራዊ ሽፍታ» በሚል ስያሜ አጥንቶታል፤ በመንግሥት ፊት ወንጀለኛ፣ በገበሬው ፊት ግን ጀግና የሆነ ማለቱ ነው። ሀከሮችም ራሳቸውን በዚሁ ምስል ማየት ይወዳሉ። ምስሉን ሲዋሱ ግን አንድ ዋና ነገር ትተውታል፤ ሽፍታ ይበላል። ጫካ ውስጥ እህል አይዘራም፣ ስለዚህም ማታ ማታ ከመንደር ስንቅ የሚያወጣለት፣ ወታደር ሲመጣ የሚጠቁመው፣ ሲቆስል የሚያስታምመው ባላገር ያስፈልገዋል። የሹሙን ከብት የነዳ ሽፍታ ይዘፈንለታል፤ የመበለቷን በሬ የነዳ ግን ስንቅ ይቋረጥበታል፣ መጨረሻውም አንድ ሌሊት በተኛበት መጠቆም ነው። ሽፍታው ከዳኛ ቢያመልጥም ከባላገሩ ፍርድ አያመልጥም ነበር። ሀከሩ ግን የሚበላው ከየትኛውም መንደር አይደለም፤ በማን ላይ ምን እንዳደረሰ ሳያይ፣ ተጎጂውም ማን እንደሆነ ሳያውቀው፣ እንጀራውን በሌላ ሥራ እያገኘ ዕድሜ ልኩን ሊኖር ይችላል።

የሀከሮች ግብረ ገብ ጠንካራ ሆኖ የተገኘው እንደ ባላገሩ ነውር ነው የሚል ማኅበር በዙሪያው ባለበት ነው። ለዚህ ከሚጠቀሱት ሁሉ ቀዳሚው በ1981 በምዕራብ በርሊን የተመሠረተው ኬኦስ ኮምፒውተር ክለብ ነው። በ1984 ኅዳር የክለቡ አባላት ቫው ሆላንድና ስቴፈን ቬርኔሪ የጀርመን ፖስታ መሥሪያ ቤት ቤቴኤክስ በሚል ስም ያስፋፋው በነበረው፣ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ጽሑፍና የገንዘብ አገልግሎት በሚያቀርበው ሥርዓት ውስጥ ክፍተት አገኙ። የሃምቡርግ ቁጠባ ባንክን የይለፍ ቃል ይዘው፣ በባንኩ ስም ሆነው የክለቡን የሚከፈልበት ገጽ ሌሊቱን ሙሉ እየደጋገሙ እንዲጠራ አደረጉ፤ በእያንዳንዱ ጥሪ ወደ 10 ማርክ የሚጠጋ ሒሳብ ስለሚቆጠር ሲነጋ ክለቡ ከባንኩ 135,000 ማርክ ያህል የሚጠይቅ ባለ ገንዘብ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም ሰዎቹ በስማቸው በጋዜጠኞች ፊት ቀርበው ያደረጉትን ሁሉ አስረዱ፤ ገንዘቡንም አልወሰዱም። ፖስታ ቤቱ ደህንነቱ የተረጋገጠ ነው ሲል የነበረው ሥርዓት ምን ያህል ክፍት እንደሆነ ሀገሩ ሁሉ አየ። ይኸው ክለብ በሌቪ ዝርዝር ላይ የራሱን ጨመረበት፤ የሕዝብ የሆነውን መረጃ ተጠቀሙበት፣ የግለሰብ የሆነውን ጠብቁት የሚል መንፈስ ያለው ሕግ ነው። በአንድ አባባል የተቀመጠ ቢሆንም የማሳቹሴትሶቹ ተማሪዎች ሊያዩት ያልቻሉትን ሰው፣ ከበሩ ማዶ ያለውን ግለሰብ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሕጉ ያስገባው ይህ ነው።

ከሃምቡርጉ ሌሊት 40 ዓመት ያህል በኋላ፣ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የደረሰው ነገር ከዚያኛው ጋር ቢነጻጸር ብዙ ያስተምራል። ባንኩ እንዳስታወቀው የውጭ ጠላፊ አልነበረም፤ የራሱ ሥርዓት በመሳቱ ደንበኞች ካላቸው ሒሳብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፣ ወሬውም በተለይ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንደ እሳት ተሰራጭቶ ተማሪዎች በእኩለ ሌሊት በኤቲኤም ደጃፍ ተሰለፉ። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር በጥቂት ሰዓታት ወጣ። በማግሥቱ ከተሰሙት መከራከሪያዎች ዋናው ማሽኑ ሰጠኝ የሚል ነበር፤ ይህም ከሰማያዊው ሳጥን ዘመን ጀምሮ የሚታወቀው፣ የሚቻል ከሆነ የተፈቀደ ነው የሚለው አስተሳሰብ ነው። በሃምቡርግ የነበሩት ሰዎችም ማሽኑ ሰጥቷቸው ነበር። ልዩነቱ የመጣው ሲነጋ ነው፤ እነዚያ ስማቸውን ይዘው ወደ አደባባይ ሲወጡ እነዚህ እንዲመልሱ መጠየቅ አስፈልጓል። ነገሩ በአብዛኛው የተስተካከለው ደግሞ ተቀባዮቹ በስምና በሒሳብ ቁጥር የሚታወቁ በመሆናቸው ነው፤ ባንኩ በፈቃዱ ለሚመልስ ክስ እንደማይቀርብበት አስታወቀ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ መከሩ፣ ብዙዎችም መለሱ። የተጠያቂነት መንደር ከተማሪዎቹ አልራቀም ነበር ማለት ነው።

መልካም ሐሳብ ብቻውን ኃላፊነትን እንደማይተካ ካሳዩት ታሪኮች አንዱ የሮበርት ታፓን ሞሪስ ነው። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ሞሪስ በ1988 ኅዳር 2 ቀን ከማሽን ወደ ማሽን ራሱን እያባዛ የሚሄድ፣ በሙያው ቋንቋ «ትል» የሚባል ፕሮግራም በኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ፕሮግራሙ ፋይል አያጠፋም፣ ገንዘብ አይሰርቅም። ከመግባቱ በፊትም ማሽኑ አስቀድሞ የተያዘ መሆን አለመሆኑን ይጠይቃል፤ ነገር ግን ባለ ማሽኖቹ ሐሰተኛ መልስ በመስጠት እንዳያታልሉት ሲል ሞሪስ ከ7 ጊዜ አንዱን መልሱን ችላ ብሎ እንዲገባ አዘዘው። ይህች አንዲት ቁጥር ስሌቱን አፈረሰችው፤ ቅጂዎቹ በአንድ ማሽን ላይ እየተደራረቡ ማሽኖቹን አነቁ፣ በዚያን ጊዜ ከነበሩት 60,000 ያህል የኢንተርኔት ኮምፒውተሮች 6,000 ያህሉ እንደተያዙ ተገመተ። እንዴት እንደሚቆም የሚያስረዳ መልእክት በወዳጁ በኩል ቢላክም መረቡ ራሱ ተጨናንቆ ስለነበር በጊዜው አልደረሰም። ፍርድ ቤት በ1990 የ3 ዓመት የገደብ ቅጣት፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና የ10,050 ዶላር መቀጮ ወሰነበት፤ ከዓመታት በኋላ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ሆነ። ቅጣቱ መጠነኛ መሆኑ ተገቢ ይመስላል። ከዚያ ጥፋት የተረፈው ትልቅ ነገር በካርኒጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የኮምፒውተር አደጋ ምላሽ ቡድን ነው፤ ዛሬ በየሀገሩ፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ ሰርት በሚባል ስም የሚሠሩት ተቋማት መነሻቸው ያ ቡድን ነው።

እስካሁን የተነሱት ጉዳዮች ሁሉ ሕጉ በመሠረቱ ትክክል የሆነባቸው ናቸው። ይበልጥ የሚከብደው ሕጉ ራሱ ፍርድ ያጎደለበት ጊዜ ነው፤ እዚህ ላይ የኢትዮጵያውያን ስም በቀጥታ ይገባል። በ2013 ዲሴምበር፣ በቤልጅየምና በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚሠሩ የኢትዮጵያ ሳተላይት ቴሌቪዥን ማለትም የኢሳት ባልደረቦች የተለመደ ሰነድ የሚመስል ፋይል ተላከላቸው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ተቋም ፋይሉን መርምሮ፣ ውስጡ የሚላን ከተማው ኩባንያ ሃኪንግ ቲም ለመንግሥታት ብቻ እሸጠዋለሁ የሚለው ሰላይ ሶፍትዌር እንደነበር በ2014 ፌብሩዋሪ አሳወቀ። ሰላይ ሶፍትዌር የተጫነበት ኮምፒውተር የባለቤቱን የይለፍ ቃል ይመዘግባል፣ ደብዳቤውን ያነባል፣ ማይክሮፎኑን ከፍቶ የቤት ጨዋታ ይሰማል። የኢትዮጵያ ኤምባሲ አስተባበለ፤ ኩባንያው ደንበኞቹን እንደማይገልጽ ተናገረ። በዚያው ወር በሜሪላንድ የሚኖር፣ በፍርድ ቤት ሰነድ በተለዋጭ ስሙ ኪዳኔ ተብሎ ብቻ የሚታወቅ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ጋማ ግሩፕ በተባለ ሌላ አውሮፓዊ ኩባንያ የተሠራው ፊንስፓይ ኮምፒውተሩ ላይ ስለተገኘ በዋሽንግተን ፍርድ ቤት የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ፕሮግራሙ የስካይፕ ንግግሮቹን ቀርጿል፤ ቤተሰቡ በኢንተርኔት የፈለገውን ነገር እንኳ መዝግቧል። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2017 መጋቢት ክሱን አይታይም አለ፤ ምክንያቱም የአሜሪካ ሕግ የውጭ መንግሥትን በእንዲህ ያለ በደል ለመክሰስ በደሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ መሆን አለበት ስለሚልና ትእዛዙ ከባሕር ማዶ የተሰጠ በመሆኑ ነው። ሰውየው ቤቱ ተቀምጦ ተሰለለ፣ በሚኖርበት አገር ያለው ዳኛ ግን ሊሰማው አልቻለም።

በዚህ መካከል ፊኒያስ ፊሸር በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ፣ እውነተኛ ማንነቱ በይፋ ያልተገለጠ ሀከር ተነሳ። በ2014 ነሐሴ የጋማን ሰነዶች አወጣ። በ2015 ሐምሌ 5 ቀን ደግሞ የሃኪንግ ቲም የራሱ የትዊተር ገጽ ተይዞ የኩባንያው 400 ጊጋባይት ያህል መረጃ፣ የደንበኞች ዝርዝር፣ ደረሰኝ፣ የሠራተኞች ደብዳቤ፣ የሶፍትዌሩ ምንጭ ኮድ ሳይቀር ለዓለም ተበተነ። ለሱዳን አልሸጥንም ሲል የነበረው ኩባንያ ለሱዳን የቆረጠው ደረሰኝ ተገኘ። በደብዳቤዎቹ ውስጥ የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ደንበኛ እንደነበር፣ በኢሳት ላይ የወጡት የምርምር ዘገባዎች በኩባንያው ውስጥ ጭንቀት እንደፈጠሩ፣ ከዘገባዎቹ በኋላም ግብይቱን ለመቀጠል ይነጋገሩ እንደነበር ታየ። የተመራማሪዎች ግምት የነበረው ማስረጃ ሆነ። የጣሊያን መንግሥት በ2016 ጸደይ ኩባንያው ወደ ውጭ እንዲሸጥ የሰጠውን አጠቃላይ ፈቃድ ሰረዘ፤ ኩባንያውም እንደ ቀድሞው መሆን አልቻለም። ፊሸር በዚያው ዓመት ሥራውን እንዴት እንደፈጸመ ሲያብራራ 100 ሰዓት ያህል እንደፈጀበት ጽፏል። ኤምባሲ ያስተባበለባቸው፣ ኩባንያ የዘጋባቸው ሰዎች እውነቱን ያገኙት በወንጀል ነው፤ ይህን መሰወር ሐቀኝነት አይሆንም። ሹሙን የዘረፈ ሽፍታ ነበር ቢባል ብዙ ባላገር ይስማማል።

ይሁን እንጂ ስንቁን ከየት እንዳመጣው ሳይጠየቅ አይታለፍም። በተበተነው ክምር ውስጥ ዜሮ ዴይ የሚባሉ ነገሮች ነበሩ፤ ዜሮ ዴይ ሠሪው ኩባንያ ገና የማያውቀው፣ ስለዚህም መድኃኒት ያልተበጀለት የሶፍትዌር ክፍተት ነው። ሃኪንግ ቲም ለስለላ የሚጠቀምባቸው፣ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ በሚሊዮኖች ኮምፒውተሮች ላይ በተጫነው የአዶቢ ፍላሽ ፕሮግራም ውስጥ የሚገኙ ክፍተቶች ከነአጠቃቀማቸው ወጡ። አዶቢ በ3 ቀን ውስጥ የመጀመሪያውን ማስተካከያ አወጣ፤ የኢንተርኔት ዘራፊዎች ግን ፈጥነው ክፍተቱን የጅምላ ማጥቂያ መሣሪያዎቻቸው ውስጥ አስገቡት። ፕሮግራማቸውን ያላደሱ ተራ ሰዎች፣ ሃኪንግ ቲም የሚለውን ስም ሰምተው የማያውቁ፣ የዚህ ዕዳ ከፋይ ሆኑ። የምንጭ ኮዱንና ክፍተቶቹን ለይቶ፣ አስቀድሞ አዶቢን አሳውቆ፣ ደብዳቤዎቹን ብቻ ማውጣት ይቻል ነበር፤ ማጋለጡ ከዚህ የተነሳ አንድ ቅንጣት አይቀንስም ነበር። 100 ሰዓት ለመስበር ያጠፋ ሰው ለመለየት 100 ሰዓት አልጨመረም። ትዕግሥት የጥልፍ ሥራ ዋናው ባሕርይ ሆኖ ሳለ፣ ጠላፊው በመጨረሻው ስፌት ላይ ትዕግሥት አጣ።

በቱርክ የሆነው ከዚህ የባሰ ነበር። በ2016 ሐምሌ፣ የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ከከሸፈ ከቀናት በኋላ፣ ምስጢራዊ ሰነዶችን የሚያወጣው ዊኪሊክስ ፊሸር የጠለፈውን ከገዥው ፓርቲ ጋር የተያያዘ ወደ 300,000 የሚጠጋ ኢሜይል አወጣ። አብዛኛው የቡድን መልእክትና ተራ ደብዳቤ ነበር፤ ኃያል ሰው የሚያጋልጥ ነገር ጥቂት ነው። ከዚያው ጠለፋ የወጣና በሌላ ሰው እጅ ወደ ኢንተርኔት የተጫነ ክምር ግን በአብዛኞቹ የሀገሪቱ ክፍለ ሀገሮች የሚገኙ ሴት መራጮችን አድራሻና ስልክ የያዙ ዝርዝሮች ነበሩበት፤ ዊኪሊክስም በማኅበራዊ ገጹ ወደዚያ ጠቆመ። ጫኚው በኋላ ስህተቱን አይቶ አነሳው። ከደበደባት ባል ሸሽታ አድራሻዋን የሰወረች ሴት በእንዲህ ያለ ዝርዝር ውስጥ መገኘቷ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። እዚህ ላይ ሹሙ ሳይሆን መበለቷ ተዘረፈች፤ ያውም ማንም ሊጎዳት ሳያስብ፣ ሦስት የተለያዩ እጆች አንዱ ለአንዱ እያቀበሉ። ኃላፊነት በእንዲህ ያለ ቅብብል ውስጥ ይሟሟል፦ ጠላፊው እኔ አላወጣሁትም ይላል፣ ጫኚው እኔ አልጠለፍኩትም ይላል፣ ጠቋሚው ደግሞ በአደባባይ የነበረ ነው ይላል። የዚህ ባሕርይ የመጨረሻ ዝቃጭ በፊንላንድ ታይቷል፤ ቫስታሞ ከተባለ የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት የተሰረቀ የ33,000 ያህል ታካሚዎች መረጃ ተይዞ፣ በ2020 ታካሚዎቹ እያንዳንዳቸው ለሐኪማቸው የነገሩት ምስጢር እንዳይወጣ ገንዘብ ተጠየቁ። ጥፋተኛው በ2024 ከ6 ዓመት በላይ ተፈረደበት። እርሱን ከፊሸር ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ትክክል አይሆንም፤ ነገር ግን ተጎጂዋ ከማን እጅ እንደተጎዳች ለይታ የምትጽናናበት መንገድ የላትም።

ሕገ ወጡን ሀከር የሚወቅሰው መንግሥት ራሱ በዚሁ ሚዛን መመዘን ይኖርበታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደህንነት ኤጀንሲ በዊንዶውስ ውስጥ ያገኘውን አንድ ከባድ ክፍተት ለማይክሮሶፍት ሳይነግር ለራሱ ስለላ ይዞ ቆየ። መሣሪያው ከእጁ አምልጦ በ2017 ሚያዝያ በአደባባይ ወጣ፤ ማይክሮሶፍት በመጋቢት ማስተካከያ አውጥቶ የነበረ ቢሆንም ብዙዎች አልጫኑትም። በግንቦት 12 ዋናክራይ የተባለ ቤዛ ጠያቂ ፕሮግራም ያንኑ ክፍተት ተጠቅሞ በ150 ያህል ሀገሮች ተሰራጨ፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ኮምፒውተሮች ተቆልፈው 19,000 ያህል ቀጠሮዎች እንደተሰረዙ የሀገሪቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት ገምቷል። የገታው ማርከስ ሃቺንስ የተባለ የ22 ዓመት እንግሊዛዊ ነው፤ ፕሮግራሙ ወደማይገኝ አንድ የኢንተርኔት አድራሻ እንደሚጠራ አይቶ አድራሻውን ከ11 ዶላር ባነሰ ገዛው፣ ስርጭቱም ቆመ። ይህ ወጣት ከጥቂት ወራት በኋላ በላስ ቬጋስ ተያዘ፤ ልጅ ሳለ የባንክ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራም ጽፎ ነበር፣ አመነም። ዳኛው በ2019 ከዚያ በፊት የታሰረበት ጊዜ ይበቃዋል ብለው ለቀቁት። ክፍተቱን ሸሽገው ያቆዩት ባለሥልጣናት ግን በማንም ዳኛ ፊት አልቀረቡም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ በዳኛ ፊት የቀረበው ሀከሩ ብቻ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ለሀከሩ መንደር የመስጠት ሥራ በዝግታም ቢሆን ተጀምሯል። በ1998 ሎፍት የተባለው የቦስተን ሀከሮች ቡድን 7 አባላት በአሜሪካ ሴኔት ፊት በብዕር ስማቸው ቀርበው ኢንተርኔትን በ30 ደቂቃ ውስጥ ከጥቅም ውጭ ማድረግ እንደሚችሉ መስክረዋል፤ ሴናተሮቹም ሰሙ። ከዚያ ወዲህ ክፍተት ያገኘ ሰው በመጀመሪያ ለሠሪው አሳውቆ፣ የማስተካከያ ጊዜ ሰጥቶ፣ ጊዜው ሲያልፍ ብቻ ለሕዝብ የሚገልጽበት ልማድ ሥር ሰዷል፤ የጉግል ተመራማሪዎች ለዚህ 90 ቀን ይሰጣሉ። የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት በ2022 ግንቦት በቅን ልቦና የሚደረግ የደህንነት ምርመራን እንደማይከስ በመመሪያ አስታውቋል። የኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ መግባትን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል፤ ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ክፍተት ያየ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያየውን ይዞ የሚሄድበት፣ ሲሄድም እንደ ተጠርጣሪ ሳይሆን እንደ ጠቋሚ የሚቀበለው ጠረጴዛ በየባንኩና በየመሥሪያ ቤቱ ከሌለ አዋጁ ብቻውን ልጁን ዝም ያሰኘዋል፤ ዝምታውን የሚገዛው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ይገኛል። ይህን ጠረጴዛ ማዘጋጀት ከማንኛውም የጥበቃ መሣሪያ ግዥ ርካሽ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ለአነስተኛው ጉዳይ፣ ሠሪውም መንግሥቱም መስማት ለሚፈልጉበት ክፍተት ነው። ሰላይ ሶፍትዌር የሚሸጥ ኩባንያ ቤቱ እንደተከፈተ ቢነገረው በሩን ይዘጋል እንጂ ደረሰኙን አያሳይም፤ ስለዚህ የፊሸር ዓይነቱ ጥያቄ በልማዱ አይፈታም። ምናልባት የሚቀረው መለኪያ ሰውየው ከሰበረ በኋላ የሚገኝ መሆኑ ነው። የሃምቡርጎቹ ተገኝተዋል፣ ሞሪስም በፍርድ ቤት ቀርቧል። ሊነጻጸር የሚገባው የፊሸር ሥራ ከሁለቱም የበለጠ እውነት ያወጣና ከሁለቱም የበለጠ ሰው የነካ ነው። የስለላ ዒላማ የነበሩት የኢሳት ባልደረቦች ማስረጃውን ስላገኙ ሊያመሰግኑት ቢፈልጉ የሚጽፉበት አድራሻ የላቸውም፤ ስማቸውና ቤታቸው ከነስልክ ቁጥራቸው የወጣባቸው የቱርክ ሴቶችም ለምን ብለው የሚጠይቁበት አድራሻ የላቸውም።